አምስት ሰው በአምስት ወንበር

የሞያሌ ሰዎች ሆይ! ከድንበሩ በዚህም በዚያም ያላችሁ፣ ቦረናውም ጋብራውም፣ ገሪውም ቡርጂውም፣ በሺሊንግ የምትሸምቱም በብር የምትመነዝሩም፣ ይህ ጥሪ ስለ መኪና ነው። መኪና ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ፣ ገዝታችሁ ዕዳው ያጎበጣችሁ፣ መኪና ኖሯችሁ የማያውቅና በየቀኑ በሰው መኪና የምትሳፈሩ ሁሉ ስሙኝ። ለየብቻ መግዛት፣ ለየብቻ መበደር፣ ለየብቻ መሳፈር ይብቃን። ለየብቻችን እስከሆንን ድረስ ዋጋውን ሻጩ ይቆርጥልናል፣ ውሉን አበዳሪው ይጽፍልናል፣ ስንት ሆነን እንደምንታጨቅ ረዳቱ ይወስንልናል።

ከአስፋልቱ በፊት የነበረውን ጊዜ ታላላቆቻችን አይረሱትም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ኮረኮንችና አቧራ ነበር። ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ከብት በጫነ መኪና ላይ ወጥቶ፣ ከበሬዎቹ በላይ በተጋደመ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ ፀሐይና ብርድ እየተፈራረቁበት ሁለት ሦስት ቀን ይጓዛል። ነፍሰ ጡርም በዚያው፣ ተማሪም በዚያው። ዛሬ ግን ማታ የተሳፈረ ሰው በማግስቱ ናይሮቢ ውሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ እዚሁ ከተማችን ላይ መርቀው ከፍተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን መንገዱ ሲመጣ የመኪና ገበያው ተከትሎት መጣ፤ መንገዱን ለዓመታት ጠይቀን ያገኘን ሰዎች ገበያውን አንድም ጥያቄ ሳንጠይቅ ተቀበልነው።

ማለዳ ወደ ሶሎሎና ወደ ቱርቢ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ቆማችሁ አንዲት ፕሮቦክስ ስትሞላ ተመልከቱ። ከሹፌሩ ጎን ሁለት ሰው ይገባል፤ ሹፌሩ ማርሽ የሚያስገባው በተሳፋሪ ጉልበት መካከል እጁን አሹልኮ ነው። ከኋላ አራት ሰው ይቀመጣል፤ በሁለቱ ጭን ላይ ሕፃናት አሉ። ከዚያ የኋላው በር ይከፈትና ሦስት ልጆች ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ፊታቸውን ወደመጡበት መልሰው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይታጨቃሉ። ጣሪያው ላይ ጆንያ፣ ፍራሽ፣ የወተት ጀሪካን ይታሰራል። በሩ በሁለት ሰው ትከሻ ተገፍቶ ይዘጋል። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ የፊት መብራቶቹ ሽቅብ ያያሉ። ይህን ሁሉ ቆመን እያየን፣ ከእኛ መካከል አንዱ ጠጋ ብሎ «ቦታ አለ?» ይላል። አለ ይባላል፤ ይገባል።

ፕሮቦክስ ክፉ መኪና አይደለችም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣት የጃፓን ሱቆችና ድርጅቶች ዕቃ እንዲያመላልሱባት ነው። አምራቹ የወሰነላት ልክም የታወቀ ነው፦ ሁለት ሰው ብቻ ሲሳፈር 400 ኪሎ ጭነት፣ አምስት ሰው ሲሳፈር 250 ኪሎ ጭነት። ከአምስት ሰው በላይ የሚል ቁጥር የትም አልተጻፈም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ የወንበር ቀበቶው በዚያ ልክ ነው የተሠራው። አሥር ሰው የጫነች ፕሮቦክስ ግመል መንገድ ሲገባባት ሹፌሩ ፍሬን ቢረግጥ በሚጠብቀው ቦታ አትቆምለትም። ስትገለበጥ ደግሞ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ልጅ ከቆርቆሮው በቀር የሚይዘው ነገር የለውም።

የአምራቹም ቃል ቢሆን ዐይን ተጨፍኖ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በመኪኖቹ የደኅንነት ፈተና ላይ ለረጅም ዓመታት ሲያጭበረብር መኖሩን አመነ። ጉዳዩ 64 ዓይነት መኪኖችን ነካ፤ በቶዮታ ስም የሚሸጡም ነበሩባቸው። ኩባንያው መኪና መላኩን በሙሉ አቆመ፣ አለቆቹ ጎንበስ ብለው የጃፓንን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። ይህችው የእኛ ፕሮቦክስ የምትገጣጠመው በዳይሃትሱ ፋብሪካ ስለሆነ የእሷም ምርት ቆሞ ነበር፤ ተመርምሮ እንደገና የተጀመረው በ2024 መጀመሪያ ነው። የጃፓን ገዢ ይህን በቴሌቪዥን ሰማ፣ በደብዳቤ ተነገረው። ሞያሌ ድረስ መጥቶ ለእኛ የነገረን ሰው አለ?

ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራ አዲስ መኪና ይሻላል የምትሉ ካላችሁ ይህንንም አድምጡ። የመኪና ደኅንነት የሚፈትነው ግሎባል ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአፍሪካ ገበያ የሚሸጠውን ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒካፕ ፈትኖ ዜሮ ኮከብ ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱን የአፍሪካ ፒካፕ፣ አውሮፓ ውስጥ ካገለገለ የዚያው ኩባንያ ናቫራ ጋር ፊት ለፊት አላተሙት። ያገለገለው የአውሮፓ መኪና ሹፌር ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሊሄድ እንደሚችል፣ የአዲሱ የአፍሪካ መኪና ሹፌር ግን እንደማይተርፍ ውጤቱ አሳየ። አምራቹ አንድ፣ ስሙ አንድ፤ የአውሮፓው ሹፌር ሕይወትና የአፍሪካው ሹፌር ሕይወት ግን ሁለት ዋጋ ተቆረጠላቸው። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ የእናንተም ይፍላ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የፈረሰው በግጭት ሳይሆን በሒሳብ ነው።

ሞያሌ ከሁለት የመኪና ገበያዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አይገባም፣ መሪው በቀኝ መሆን አለበት። ሞምባሳ ወደብ ላይ ሲራገፍ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በላዩ ኤክሳይስ፣ በዚያ ላይ 16 በመቶ ቫት ይደረብበታል። በኢትዮጵያ በኩል መሪው በግራ ነው፤ አገሪቱ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ጠርዝ ከተዛወረች ወዲህ እንዲያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቪትዝ ለዓመታት ተነድታ ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። ሰው መኪናን እንደ ወርቅና እንደ መሬት ሀብት ማስቀመጫ አድርጎ ለመደው።

ያንኑ እምነት ይዞ ኬላውን ተሻግሮ የሚገዛ ሰው ወዮለት። በኬንያ በኩል መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ከሞምባሳ በየጊዜው ሌላ መኪና ይራገፋልና። የአዲስ አበባ ዘመዱ «መኪና ግዛ፣ ገንዘብህ አይጠፋም» ስላለው ብቻ ከብቱን ሸጦ የገዛ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በከብቱ ዋጋ ግማሽ የሚገዛው ይፈልጋል። ከብቱ ቢሆን ይወልድ ነበር።

በብድር ሲሆንማ የባሰ ነው። ኬንያ ውስጥ በሎግቡክ መበደር ማለት የመኪናውን ሊብሬ መያዣ ሰጥቶ ገንዘብ መውሰድ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ወጣት 300,000 ሺሊንግ ለሁለት ዓመት ተበደረ እንበል፤ ወለዱ በወር 3 በመቶ ነው ተባለ። ሦስት በመቶ ስትሰማው ትንሽ ናት። ነገር ግን ውሉ ላይ ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ላይ ከሆነ፣ ዕዳው ወር በወር ቢቀንስም ወለዱ አይቀንስም። በወር 9,000፣ በ24 ወር 216,000 ሺሊንግ ወለድ። በድምሩ 516,000 ይከፍላል፤ በየወሩ 21,500። ሁለት ወር ቢያልፈው መኪናው ይወሰዳል፤ እስከዚያ የከፈለውም ቀለጠ። ስለዚህ ይህ ልጅ ራሱን ጨምሮ አምስት ሰው ብቻ ጭኖ ዕዳውን መክፈል አይችልም። አሥር የሚጭነው፣ ሌሊት ሳይተኛ የሚነዳው፣ ጎማው አልቆ ሳይቀይር የሚወጣው ለዚህ ነው። ሹፌር ወንድሞቼ፣ እናንተን ልወቅስ አልመጣሁም። አንገታችሁ ላይ ያለውን ገመድ አይቻለሁ። በብድር ቦክሰር ሞተር ሳይክል ገዝታችሁ ቦዳ ቦዳ የምትነዱ ልጆችም እዚያው ገመድ ላይ ናችሁ።

መኪናው ከየት እንደሚመጣም እንወቅ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወጥተው ተሽጠዋል፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ናት። ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ በሰላም ያገለግላሉ። አንዳንዶቹ ግን ኪሎ ሜትራቸው ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ተጋጭተው ቀለም የተቀቡ፣ ጎርፍ ውስጥ የዋኙ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ የታካታ ኤርባግ ያለባቸው ናቸው። የታካታ ኤርባግ ውስጥ ያለው ፈንጂ ቅመም ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት እየተበላሸ፣ በግጭት ጊዜ ብረቱን ሰንጥቆ ስብርባሪውን ሹፌሩ ፊት ላይ ይረጫል። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ኤርባጎች ለቅያሬ የተጠሩት፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 የከሰረው በዚህ ነው። ለቅያሬ የሚጠራው ደብዳቤ የሚደርሰው ግን በመዝገብ ላይ ስሙ ላለው ባለቤት ነው። አራተኛው ባለቤት ሞያሌ ነው ያለው።

እና ምን እናድርግ? እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ፤ አባቶቻችሁ ሠርተውታልና። ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው በቡሳ ጎኖፋ ያቆመዋል፤ ጎሳው ከያለበት ጊደር ያዋጣለታል፣ ሰውየው ተነሥቶ ቤት ይሆናል። ከወዲያ በኩል ዕቁብና ዕድር አለ፣ ከወዲህ በኩል ቻማና ሳኮ የሚባሉ የቁጠባ ማኅበራት። ቀብር በአንድነት የሚቀብር፣ ሠርግ በአንድነት የሚደግስ ሕዝብ፣ በሕይወቱ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ ውዱን ለምን ብቻውን ከደላላ ጋር ተደብቆ ይገዛል?

በየሰፈሩ የሚታመን አንድ ሜካኒክ እንምረጥ። አምስትም ስድስትም ሆነን ገንዘብ አዋጥተን እንቅጠረው፤ ሻጭ የከፈለው ሳይሆን እኛ የከፈልነው ይሁን። ከኛ ማንም ሰው ያ ሜካኒክ ሳያየው መኪና ላይ ቀብድ አይጣል። ጃፓን ውስጥ በጨረታ የተሸጠ መኪና የጨረታ ወረቀት አለው፤ መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ እንደሆነ እዚያ ላይ ይጻፋል። ወረቀቱን ጠይቁ፤ የለም ካሏችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ለቅያሬ የተጠራ ነገር እንዳለበት በአምራቹ ገጽ ላይ አስፈትሹ፤ ይህ በነፃ ነው፣ ስልክ ያለው ልጅ ይሠራዋል። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት፤ ውስጡ ጭቃ የደረቀበት ከሆነ መኪናው ጎርፍ ገብቷል። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2418 የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. በ2018 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው፣ ጥርሱ ቢያምር እንኳ ያረጀ ነው። ሎግቡኩ በማን ስም እንደሆነና ዕዳ እንዳለበት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በኬንያ የትራንስፖርት ባለሥልጣን መዝገብ አጣሩ። ሰውየው አጎታችሁ ቢሆንም አጣሩ።

የብድር ውልም ለብቻ አይፈረም። ቻማው ፊት ይነበብ፤ ወለዱ በወር ስንት፣ በጠቅላላው ስንት፣ ሁለት ወር ቢያልፍ ምን እንደሚከተል ጮክ ተብሎ ይነገር። አበዳሪው ይህን ካልወደደ ለምን እንዳልወደደ አሁን ገብቷችኋል። ከዚያ ይልቅ አሥር ሰው ተራ በተራ ከሚገዛቸው አሥር ያረጁ ፕሮቦክሶች፣ በዕቁብ የተገዛችና በሳኮ የምትተዳደር አንዲት ደህና ሚኒባስ እንድትቀድም እለምናችኋለሁ። ሁለት ሹፌር እየተፈራረቀ ይነዳታል፣ ለጥገናዋ በየሳምንቱ ይቀመጥላታል፣ ማንም በስሙ አይበደርባትም። ኤሌክትሪክ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲመጣም በዚሁ ዐይን እንየው፦ ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው፣ ሲደክም ማን ይቀይረዋል፣ መለዋወጫው ናይሮቢ ነው ወይስ አዲስ አበባ? ከሁለቱም ከተሞች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው ያለነው፤ የባሰ ሲበላሽ ማን ይደርስልናል?

ከሁሉ በፊት ግን አምስት ሰው በአምስት ወንበር። ይህን ዛሬ መጀመር እንችላለን፤ አዋጅ አያስፈልገውም። ታሪፉ ይጨምራል ትሉኛላችሁ። አዎ ይጨምራል፤ እውነቱን እንነጋገር። ሹፌሩ በአሥር ሰው ያገኝ የነበረውን በአምስት ሰው አያገኝም። እንግዲህ ተሳፋሪውና ሹፌሩ ተቀምጠው ዋጋ ይተማመኑ፤ መክፈል ለማይችለው ታማሚና ተማሪ ዕድራችን ይሸፍን። ለቀብሩ ከምናዋጣ ለትራንስፖርቱ እናዋጣ። በኬንያ መንገዶች ላይ በየዓመቱ ከ4,000 በላይ ሰው ይሞታል፤ በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን። ከኛ ከተማ የወጡት በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ስም የላቸውም። እኛ ግን ስማቸውን እናውቃለን፣ ልጆቻቸውን እናሳድጋለን።

ትልቅ ኩባንያ ለትንሽ ሕዝብ አይበገርም የሚል ሰው ካለ የአሜሪካውን ራልፍ ናደርን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1965 የመኪና አምራቾች ደኅንነትን ለትርፍ እንደሚሠዉ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። ጄኔራል ሞተርስ መርማሪ ቀጥሮ አስከተለበት። ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጣ። ዛሬ በየመኪናው የምናየው የወንበር ቀበቶ በአምራቾች ቸርነት ብቻ አልመጣም፤ ሰዎች ተሰብስበው ስለጠየቁ ነው። ኬንያ ውስጥም ጆን ሚቹኪ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2004 የሕዝብ ማመላለሻው ማታቱ ሁሉ ቀበቶና የፍጥነት መገደቢያ እንዲኖረው፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ አስገድደዋል። ባለንብረቶቹ መኪናቸውን አቁመው አመፁ፤ ሚኒስትሩ ግን አልተመለሱም። ደንቡ የላላው በኋላ ነው፤ የላላውም ተሳፋሪው ዝም ስላለ ነው።

ስለዚህ ወደ መንግሥትም እንሂድ፣ ግን በአንድ ድምፅ። የኬንያ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በካውንቲ በጀት ጉዳይ እንዲሳተፍ ያዛል። የማርሳቢት ካውንቲ ለውይይት ሲጠራ አዳራሹን እንሙላው። እናቶች ዕቃ ተሸክመው ከጭነት መኪና ጋር የማይጋፉበት የእግረኛ መንገድ እንጠይቅ፤ በትምህርት ቤቶችና በገበያው ፊት ፍጥነት መቀነሻ፣ ለከብትና ለግመል መሻገሪያ ምልክት፣ ከኬላው እስከ ሆስፒታል በሰዓቱ የሚመላለስ አውቶቡስ። በኢትዮጵያ በኩል ያላችሁም ከመነኻሪያው ኃላፊዎችና ከትራፊክ ፖሊሶች ጋር ተነጋገሩ፤ ትርፍ ሰው የጫነ መኪና ከወዲያ ሲቀጣ ከወዲህ የሚያልፍ ከሆነ ሥራችን ሁሉ ከንቱ ነው። ኬላው የጋራ ነው፤ ቁጥጥሩም የጋራ ይሁን።

ወጣቶች፣ ሒሳቡን አስሉልን፣ ወረቀቱን አንብቡልን። ሽማግሌዎች፣ ሹፌሩንና ተሳፋሪውን አስታርቁልን። የገበያ እናቶች፣ እናንተ ካልተሳፈራችሁ አንድም ፕሮቦክስ አትንቀሳቀስም፤ ጉልበቱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። በሚቀጥለው የዕቁብ ወይም የቻማ ቀን ይህን ጉዳይ ከገንዘቡ በፊት አንሡት፤ የሚስማሙትን ስም ጻፉ፣ ሜካኒኩንም በዚያው ቀን ምረጡ፤ ከሹፌሮቹ ጋር ለመነጋገር የሚሄዱ ሦስት ሰዎችን ሰይሙ፣ መቼ እንደሚሄዱም ሳትወስኑ አትበተኑ።